ፊደሉ አንድ፣ ቋንቋው ሌላ



በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ መቅጠንና ስለ ፍቅር ብዙ ተጽፏል። እኔም ከሦስቱ በአንዱ ላይ ብጽፍ በወደድሁ። ለጊዜው ልቤን የያዘው ጉዳይ ግን ጣት የምታክል አንዲት ዕቃ ናት። ይህች ዕቃ ታብሌት የተባለውን ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ከሞኒተር ጋር ታገናኛለች ተብላ የምትሸጥ ማገናኛ ናት። በእርስዋ ምክንያት የአርባ ተማሪዎች ገንዘብ ወጥቶ፣ አምስት ቀን ባክኖ፣ አንድ ንጹሕ ነጋዴ ያለ ጥፋቱ ተሰድቧል። ያባከንሁትም የሰደብሁትም እኔ ስለሆንሁ፣ ነገሩን ከእኔ አብልጦ የሚያውቀው የለም።

ባለፈው ዓመት የሴሚስተር ዕረፍት ሲደርስ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ሄድሁ። ለማያውቃት አንባቢ፣ መካነ ሰላም በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ይመጣባታል፤ ከእርስዋ አልፎ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው ደግሞ የዓባይን ሸለቆ ያገኛል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ግን የወሎ ሰው ነውና፣ እንግዳ ሲመጣ «አብሽር፣ ግባ» ብሎ ከእሳቱ ዳር ያስቀምጣል።

እንደ ደረስሁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሆኑ የሰፈር ልጆች ከበቡኝ። «ጋሼ፣ እስክትመለስ ድረስ አስጠናን» አሉኝ። ጭንቀታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን በጋዜጣ የሚያነብ ሰው ገጹን ገልብጦ ይሄዳል፤ ሰኔ ላይ ተፈታኝ የሆነ ልጅ ግን ከመቶው ውስጥ እኔ ማንኛው ነኝ እያለ ሌሊት ይቆጥራል። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ሌላው የአገሪቱ ተማሪ ባገኘው መንገድ ሁሉ አላለፉም።

እኔም እሺ አልሁ። በእጄ ያለው ዕረፍት አሥራ ሁለት ቀን ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ባዶ ክፍል ሰጡን። የአጎቴ ልጅ ትቶት የሄደ አንድ የኮምፒዩተር ሞኒተር ከጓዳ ወጣ። አክስቴ ደግሞ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ገንዘብ ገዝታ የላከችልኝ ታብሌት ነበረኝ፤ በውስጡም ከዩኒቨርስቲ ጓደኞቼ የሰበሰብሁት የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት በቪዲዮ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችም ከነመልሳቸው በሚሞሪ ካርድ ተጭነዋል። አርባ ልጅ በአንዲት ታብሌት ዙሪያ ተሰብስቦ ማየት አይችልም። ታብሌቱን ከሞኒተሩ ጋር ብናገናኘው ግን ክፍሉ ሁሉ ያያል። ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ታብሌቱ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ የለውም፤ ያለው አንድ የቻርጀር መሰኪያ ብቻ ነው፤ እርሱም ዩኤስቢ ሲ የሚባለው፣ ሞላላና በሁለቱም ወገን የሚገባው ዓይነት ነው። «ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የምታገናኝ ዕቃ ደሴ ትሸጣለች» ተባለ። ልጆቹ ኀምሳ ኀምሳ ብር አዋጡ፤ ሁለት ሺህ ብር ሆነ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ያመጣው ኀምሳ ብር የእንቁላል ዋጋ እንደ ነበረ ኋላ ሰማሁ። ወደ ደሴ ለሚሄድ ሰው ገንዘቡን ሰጥተን ዕቃዋ በሁለተኛው ቀን ማታ ደረሰች።

ሰካን። ሞኒተሩ ሰማያዊ ሆነና በመካከሉ «ምልክት የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ፤ ወዲያው ጠቆረ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ የከተማዋ ስም መካነ ሰላም መሆኑን ትጠራጠር ነበር። የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ «ገመዱ ነው» አለ። የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ልጅ «ሞኒተሩ አርጅቷል» አለ። ሌላው «አጥፍታችሁ አብሩት» አለ። እኔ «ዕቃዋ ሐሰተኛ ናት» አልሁ። ሁላችንም በየሐሳባችን ጸንተን በአንድ ጊዜ ሁሉን ነካካን፤ ገመድ ቀየርን፣ የታብሌቱን ማስተካከያ ገለባበጥን፣ የሞኒተሩን ቁልፎች ተጫንን፣ አጠፋን፣ አበራን። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ እየለወጥን ስለነበር የቱ እንደ ጠቀመና የቱ እንደ ጎዳ የሚያውቅ አልነበረም። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ይኸው ሆነ። መሐሉ ላይ መብራት እየሄደ ያስታርቀን ነበር።

በአራተኛው ቀን ለደሴው ነጋዴ ስልክ ደወልሁና ልጽፈው የማይገባኝን ቃል ተናገርሁት፤ የድሃ ልጆችን ገንዘብ በልተሃል አልሁት። ሰውየው አልተቈጣም። «ወንድሜ፣ ዕቃዋን ፈትሼ ነው የሰጠሁት፤ ለመሆኑ ታብሌትህ ምስል ያወጣል ወይ ብለህ ጠይቀሃል?» አለኝ። እኔም ይህን የማምለጫ ቃል ቈጥሬ ስልኩን ዘጋሁበት። ማታውን አክስቴ ደወለች። «ልጄ፣ ያቺ ዕቃ ጠቀመችህ ወይ?» አለችኝ። «እጅግ በጣም፣ አክስቴ» አልኋት።

በአምስተኛው ቀን ከልጆቹ መካከል አንዲት ልጅ «ለምን ስልክ ሠሪው ጋ አንሄድም?» አለች። ስልክ ሠሪው በገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁሉን ተሸክመን ሄድን። «ጋሼ፣ ታብሌታችን ከሞኒተር ጋር አልገናኝ ብሎ ተቸገርን» አልኋቸው። «ማን ነው እምቢ ያለው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው አልገባኝም። «ታብሌቱ ነው፣ ዕቃዋ ናት፣ ገመዱ ነው፣ ወይስ ሞኒተሩ? አራት ሰዎች አሉ፤ አጥፊው አንዱ ነው፤ አንድ ባንድ እንጠይቃቸው» አሉ።

ከመደርደሪያቸው ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ አወረዱ። የሞኒተሩን ገመድ ከላፕቶፑ ሰኩ፤ ምስሉ ወለል ብሎ ወጣ። «እንግዲህ ሞኒተሩና ገመዱ ነጻ ወጡ» አሉ። ቀጥለው ያቺን የተሰደበች ዕቃ ወሰዱና ለሥራ ከመጡላቸው ስልኮች ምስል በማውጣት ከሚታወቀው ዓይነት ባንዱ ላይ ሰኩአት፤ የስልኩ ገጽ በሞኒተሩ ላይ ታየ። «ዕቃዋም ነጻ ወጣች።» በመጨረሻ እኔ የሰደብሁትን ሁሉ ባንድ ዐረፍተ ነገር ዘጉት፦ «ታብሌቱም አልተበላሸም፤ ያልተሰጠውን ነው የጠየቃችሁት።»

ሁሉም ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ነገሩን ኋላ አንብቤ እንደ ተረዳሁት እንዲህ ነው። ዩኤስቢ ሲ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንብ በመጀመሪያ የሚወስነው የመሰኪያውን ቅርጽ ነው፤ ሃያ አራት ጥቃቅን የብረት ጥርሶች አሉት። በእነዚህ ጥርሶች ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ፋይል ያልፋል፤ ምስልም እንዲያልፍባቸው ከተፈለገ ዲስፕሌይፖርት የተባለው ሥርዐት በመሣሪያው ውስጥ አብሮ መሠራት አለበት። ይህን ማድረግ የአምራቹ ፈቃድ ነው፤ ግዴታ የለበትም። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ታብሌቶች ቻርጅ ለማድረግና ፋይል ለማመላለስ ብቻ የተሠራ መሰኪያ አላቸው። ከውጭ ሲታይ ግን ቀዳዳው ከውዱ ቀዳዳ ጋር አንድ ነው፤ ገመዱም ያለ ችግር ይገባል።

ለእኛ ለአርትስ ፋኩልቲ ሰዎች ይህ የሚከብድ ነገር አይደለም። የግዕዝ ፊደል አንድ ነው፤ አማርኛም ትግርኛም ግዕዝም ይጻፍበታል። ፊደል ስለ ቈጠረ ብቻ ግን ግዕዝ የሚሰማ ሰው የለም። ድጓውን ገልጦ እያንዳንዱን ፊደል ማንበብ ይችላል፤ ምን እንደሚል ግን አያውቅም። ታብሌቴም ፊደሉን ቈጥሯል፤ ቋንቋውን አልተማረም። እኔ ደግሞ ፊደሉን አይቼ ቋንቋውን ያውቃል ብዬ ፈረድሁ፤ መልስ ባጣሁም ጊዜ መልእክተኛዋን ሰደብሁ።

የታሪኩ ፍጻሜ ከእኔ ብልሃት የመጣ አይደለም። ስልክ ሠሪው ዕቃውን ሰብስበው ሊሰጡን ሲሉ፣ ያቺው ልጅ «ጋሼ፣ ትምህርቱ በሚሞሪ ካርድ አይደል እንዴ ያለው? ካርዱን ለምን ከላፕቶፑ አናስገባውም?» አለች። ሁላችንም ተያየን። ስክሪኑ ተሰበረ ተብሎ የተጣለው ላፕቶፕ ሞኒተር ሲሰጠው ደኅና ሠራተኛ ነበር። ስልክ ሠሪው ያለ ዋጋ አዋሱን። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አርባው ልጅ የፊዚክሱን ትምህርት በትልቁ ተመለከተ። አምስት ቀን ሙሉ ታብሌቱን ከሞኒተሩ ጋር ለማጋባት ስንለፋ፣ የተሰበሰብነው ልጆቹ ትምህርቱን እንዲያዩ መሆኑን ረስተን ነበር። እርስዋ ብቻ አልረሳችም፤ ፈተናው የእርስዋ ነውና።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ ለመናገር የምፈልገው ይህ ነው፦ ዕቃ ከመግዛታችን፣ ከመለገሳችንና ከመሳደባችን በፊት፣ «ይህ ምን እንዲሠራ ተሰጥቶታል?» ብለን መጠየቅን ልማድ እናድርግ፤ ሲያስቸግረንም አንድ ባንድ እንፈትን፤ ያገኘነውንም በገዛ ቋንቋችን ጽፈን ለሚቀጥለው ሰው እናስቀምጥ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ስለ ታብሌት አልተናገሩም፤ ነገር ግን ይስማማዋል።

ነገሩ የእኔ ክፍል ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ኋላ ዞር ማለት ይበቃል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ገብቶ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይመጣል፤ በየክፍሉ ያለው ቴሌቪዥንም ያሳያል። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፣ ቴሌቪዥኑ ተማሪው ገባውም አልገባውም ሳይጠብቅ ይነጉዳል፤ መምህሩም ዳር ቆሞ ያያል። መብራት ከሄደ ወይም ከሳተላይቱ ጀምሮ እስከ ስክሪኑ ካለው ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ከተበጠሰች የዚያ ሰዓት ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ስክሪኑ ምን ማሳየት እንደሚችል ታውቆ ነበር፤ ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ምን መቀበል እንደሚችል ግን በበቂ አልተጠየቀም። በ2012 ዓ.ም. ሊሰጥ የነበረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተላለፈ በኋላ በታብሌት እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር፤ በመጨረሻ በ2013 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ የተሰጠው ግን በወረቀት ነው። የታሰበው ዕቃ ለታሰበው ቀን ካልደረሰ፣ ወረቀትና እርሳስ አሁንም ታማኝ አገልጋዮች ናቸው።

ሁሉ ግን የውድቀት ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ላልተማሩ ሕፃናት በየመንደሩ ወደ ሃያ የሚሆኑ ታብሌቶችን በፀሐይ ኀይል ከሚሠራ ቻርጀር ጋር ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንደ ገለጸው፣ ካሜራው እንዳይሠራ ተዘግቶ ሳለ ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው አግኝተው ከፈቱት። ይህን የማነሣው «ታብሌት ከተሰጠ መምህር አያስፈልግም» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካለ መካነ ሰላም መጥቶ እኔን ይጠይቅ። የማነሣው ሕፃናቱ ያላፈሩበትን ነገር እኛ ስለምናፍርበት ነው። ሕፃን ልጅ «ይህን ብነካ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱን ነክቶ ውጤቱን አይቶ ወደ ሌላው ያልፋል። የዩኒቨርስቲ ተማሪ ግን አላውቅም ማለት ስለሚከብደው፣ ሳይፈትን ፍርድ ይሰጣል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። ከአንባብያን መካከል ነገ ተነገ ወዲያ በዚሁ ችግር የሚወድቅ አይጠፋምና፣ ከስልክ ሠሪው የተማርሁትንና ኋላ ያነበብሁትን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሞኒተሩን ጠይቅ። መብራት አለው ወይ? በሞኒተሩ ጀርባ ከአንድ በላይ መሰኪያ ካለ፣ ገመዱን በሰካህበት በኩል እንዲያዳምጥ በራሱ ቁልፍ ምረጥለት። በኤችዲኤምአይ ሰክተህ ሞኒተሩ የቪጂኤውን በር ሲጠብቅ ቢያድር «ምልክት የለም» ማለቱ እውነቱን ነው።

ሁለተኛ፤ መሥራቱ በተረጋገጠ በሌላ መሣሪያ ሞኒተሩንና ገመዱን ፈትን። ከሠሩ፣ ከዚያ በኋላ እጅህን ከእነርሱ ላይ አንሣ።

ሦስተኛ፤ ሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድ ከሆነ የምታገናኘው፣ የገመዱን ዓይነት እይ። ከቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ገመዶች ለምስል የሚያስፈልጉት የውስጥ ሽቦዎች የሉአቸውም፤ ቻርጅ ስላደረጉ ብቻ ምስል ያሳልፋሉ ማለት አይደለም።

አራተኛ፤ ታብሌቱን ጠይቅ። የሞዴሉን ስም ይዘህ በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ የዩኤስቢውን መስመር አንብብ። «ዲስፕሌይፖርት» ወይም «የቪዲዮ ውጤት» የሚል ካለ ተስፋ አለህ። «ዩኤስቢ 2.0» ብቻ ከሆነ ግን በተራ ማገናኛ ምስል አይወጣምና ሌላ ገመድ እየገዛህ አትልፋ። ከዚህ የሚወጣ አንድ መንገድ አለ፤ ዲስፕሌይሊንክ በሚባል ዘዴ የሚሠሩ፣ በውስጣቸው የራሳቸው ቺፕ ያላቸው ማገናኛዎች ምስሉን እንደ ፋይል ተቀብለው ይለውጡታል፤ እነርሱ ግን ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ በታብሌቱም ላይ የራሳቸው አፕ መጫን አለበት።

አምስተኛ፤ የኤሌክትሪክ ጉልበት። አንዳንድ ማገናኛዎች በታብሌቱ ባትሪ ብቻ አይቆሙም፤ ቻርጀር የሚሰካባቸው ጎን ካላቸው ስካላቸው። ምስሉ ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህን ይሁን። ሞኒተርህ ቪጂኤ ብቻ ከሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ይህ አሮጌ መሰኪያ የሚቀበለው ሌላ ዓይነት ምልክት ነውና፣ መሐል ላይ የሚለውጥ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ድምፅም አያሳልፍም።

ስድስተኛ፤ የታብሌቱ ገጽ በሞኒተሩ ላይ ታይቶ ፊልሙ ብቻ ጥቁር ከሆነ፣ ዕቃው አልተበላሸም። አንዳንድ ቪዲዮዎች እንዳይቀዱ የሚከላከል ቁልፍ አለባቸው፤ ቁልፉን የማያውቅ ማገናኛ ያገኙ እንደሆነ አይታዩም።

ሰባተኛ፤ ገመድ ሁሉ እምቢ ካለ ሚራካስት የሚባለውን ያለ ገመድ የሚሠራ መንገድ ሞክር። ታብሌቱና ቴሌቪዥኑ ሁለቱም የሚያውቁት ከሆነ በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ስምንተኛና ዋናው፤ መጀመሪያ ምን ልታደርግ እንደ ተነሣህ አስታውስ። ፋይሉ በካርድ ወይም በፍላሽ ላይ ከሆነ ታብሌቱን ትተህ ካርዱን ለሌላው መሣሪያ ስጥ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከጓደኞቼ የሚመጣው ተቃውሞ ይታየኛል። አንዱ «ይህ የምሕንድስና ተማሪ ሥራ ነው፤ አንተ ግጥምህን ጻፍ» ይላል። እኔ የምሕንድስናውን ተማሪ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚያች ክፍል ውስጥ የጎደለን የምሕንድስና ዕውቀት ብቻ አልነበረም። የጎደለን ቃሉን በትክክል ማንበብ፣ አንድን ነገር ከሌላው መለየት፣ ምስክርን አንድ ባንድ ሰምቶ መፍረድ ነበር። ይህ ደግሞ ለዘመናት የቅኔ ቤቱም የሸንጎውም ትምህርት ነው። የመሣሪያዎቹ መመሪያ ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ሲመጣ፣ ለስልክ ሠሪውና ለተማሪዋ በሚገባ አማርኛ የሚጽፈው ማን ነው? ሥራው የእኛ ነው። «ምልክት የለም» የሚለውን ተርጉመን ምን ማለት እንደ ሆነ ካላስረዳን፣ የቋንቋ ትምህርታችን ለማን ነው?

ሌላው ደግሞ «መሣሪያው በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ነገ ሁሉም ምስል ያወጣል፤ ስለምን ትደክማለህ?» ይላል። መሻሻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ውዱ ዕቃ በሚወጣበት ቀን ርካሹም አብሮ ይወጣል፤ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ ሳይንትና ወደ ወግዲ የሚደርሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ፣ ወይም ሌላው ተጠቅሞ የተወው ነው። ድሃ ሰው መሳሳት ይወደድበታል፤ ሀብታም ያልሆነለትን ገመድ ጥሎ ሌላ ይገዛል፣ እኛ ግን እንደገና ኀምሳ ኀምሳ ብር ማዋጣት አለብን። ስለዚህ የመጠየቅ ልማድ ከማንም ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ «በጥቁር ሰሌዳ አታስተምርም ነበር?» ሊለኝ ይችላል። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ልክ ነው። እነዚያን አምስት ቀኖች በጠመኔ ባስተምር ኖሮ ባልባከኑ። ስክሪን ዐይኔን ስለሞላው ጠመኔ እንዳለ ረሳሁ።

በመጨረሻ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ በጀት የለም ተብሎ አይመለስም። በማኅበሩ ክፍል አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ። በዕረፍት ወደየአገሩ ሄዶ ያስተማረ ተማሪ ሁሉ ሲመለስ፣ የቸገረውን ዕቃ፣ የፈተነውን ነገር በቅደም ተከተልና በመጨረሻ ያገኘውን መፍትሔ በአማርኛ ይጻፍበት። ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ ደብተሩን ያንብብ። ከእኔ በፊት አንድ ተማሪ «ቀዳዳውን አትመን፤ ምስል ያወጣ እንደሆነ ጠይቅ» ብሎ አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ሺህ ብርና አምስት ቀን ይተርፍ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ እጽፋለሁ፤ የምጽፈው አላንስም።

ከቀሩት ሰባት ቀኖች በኋላ ወደ ዩኒቨርስቲ ስመለስ በደሴ አደርሁ። የነጋዴውን ሱቅ ጠይቄ ሄድሁና ማን እንደ ሆንሁ ነገርሁት። «ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት። ሳቀና «ዋናው ልጆቹ መማራቸው ነው፣ አብሽር» አለኝ። ዕቃዋን ተቀብሎ ገንዘቡን ሊመልስልኝ ፈለገ፤ የሠራች ዕቃ አይመለስም ብዬ እኔ እምቢ አልሁ፤ እርሱም አጥብቆ ያዘኝና በመጨረሻ ግማሹን ተቀበልሁ። አንድ ሺህ ብሩ ለልጆቹ ተልኳል፤ የቀረውን አንድ ሺህ እኔ ከኪሴ በሁለት ወር ከፍያለሁ። ዕቃዋ አሁንም እኔ ዘንድ ናት፤ የሚገባት ታብሌት ያለው ተማሪ ቢኖር በነጻ ይውሰዳት።

የቀረኝ አንድ ዕዳ ብቻ ነው፤ እርሱም የአክስቴ። በሚቀጥለው ስትደውል ታብሌቷ ከሞኒተር ጋር እንዳልተገናኘች፣ የተሸከመችው ትምህርት ግን ለአርባ ልጆች እንደ ደረሰ፣ ሁለቱንም እነግራታለሁ።

ከአርትስ ፋኩልቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ